ለጭስ ምርመራው አንድ ዙር ተኩል

የመኪና መርማሪው ኧስተን የጭስ መለኪያውን ቱቦ ከመኪናዋ ማርሚታ አፍ መዘዘና የማሽኑን መስታወት በጥፍሩ ኳኳ አደረገው። ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም።

«ራግንሂልድ፣ ይሄ የመኪና ጭስ አይደለም። የሰው ጎተራ እየተቃጠለ ነው።»

«ማሽንህ አብዷል።»

«ማሽኔ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ መኪና ፈትሾ ደህና ነበር። ያንቺ ከተፈቀደው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ወድቃለች፤ ምን ላድርግሽ? በአንድ ወር ውስጥ አስተካክለሽ ተመለሺ።»

ራግንሂልድ በሐመርዳል ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ናት። የመኪናዋን ቁልፍ ተቀብላ ኮፈኑን በመዳፏ ዳበሰችው። ይህች ቀይ ቮልቮ በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቦሎ ተከልክላ አታውቅም።

«ማንም አልነካትም እኮ» አለች። «ሲክስተን በረዶ ሳይወርድ እንዳቆማት ነው ያወጣኋት።»

ኧስተን የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነበር። ወረቀቱን ፈረመና ከጺሙ ሥር ፈገግ አለ። «እንግዲያው ሲክስተንን ጠይቂው።»

ሲክስተን ወንድሟ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። ባለፈው ጥቅምት ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሶ ቀኝ ጎኑን ስለያዘው፣ ስትረምሱንድ ከተማ ባለው የእንክብካቤ ቤት ይኖራል። ምላሱ ግን አልተነካም። ነርሶቹ «ምነው ምላሱን ይዞ እግሩን በተወለት» እያሉ ይቀልዱበታል።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስትነዳ፣ ሐይቁ ላይ የከረመው በረዶ እየተሰባበረ ነበር። ራግንሂልድ ግን የምታየው ሌላ ክረምት ነበር። እሷ ሃያ አንድ፣ እሱ ሠላሳ። ሞተሩን ከአባታቸው ጎተራ ጣሪያ በሰንሰለት አንጠልጥለው አራት ወር ሠሩበት። ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ አውጥተው፣ ቫልቮቹን አብዝቶ የሚከፍት፣ ሞተሩ አየር በጉንጩ ሙሉ እንዲውጥ የሚያደርግ ሌላ ዘንግ ከጎተንበርግ በፖስታ አስመጡ። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉትን ሁለት ካርቡራተሮች ቦይ ከገባ የእንግሊዝ መኪና ላይ ፈቱ። ብርዱ ሲጠና ብረቱ መዳፍ ላይ ይጣበቅ ስለነበር፣ መፍቻዎቹን እናታቸው ምድጃ ውስጥ ያሞቁ ነበር። እናታቸው አንድ ቀን ከዳቦዋ ጎን የአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አውጥታ «ይሄኛው ገና አልበሰለም» አለቻቸው።

ሚያዝያ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ነዳጅ ሳይረግጡለት ሚኒሞ ላይ አይረጋም፤ እንደ ተቆጣ ፈረስ ይንጎራደዳል፤ ነዳጁን ሲረግጡትና ሲለቁት ከኋላ ይጮሃል፣ ይተኩሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለው የጭፈራ አዳራሽ ሲመለሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኩርባ ላይ መድረሳቸውን እናታቸው ከቤት ሆና በድምፁ ታውቃለች። ያኔ ዓሣውን መጥበሻው ላይ ትጥላለች፤ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ይደርሳል። ሲክስተን ጆሮ ነበረው፤ እሷ እጅና እግር። እሱ ያስተካክላል፣ እሷ ትነዳለች። መኪናዋ ያንን ሁሉ ድምፅ ይዛ በየምርመራው ማለፏን ራግንሂልድ ከወንድሟ ተሰጥኦ ትቆጥረው ነበር። በሥራ ቦታዋም ያላወራችለት ሰው የለም።

ሐሙስ ዕለት ቮልቮዋን የእንክብካቤ ቤቱ ግቢ ውስጥ አቆመች። ሲክስተን በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃት ነበር።

«ወደቀች» አለችው።

«ስንት አሳየ?»

ነገረችው። አፏጨ።

«ኮፈኑን ክፈቺ። ከካርቡራተሮቹ ሥር የናስ ዳዶ አለ፤ አየሽው? የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። ለምርመራው ቀን ጭሱ እንዲቀንስ አንድ ዙር ተኩል ወደ ላይ አጠብቀው ነበር። ከምርመራው በኋላ ደግሞ እመልሰው ነበር።»

«መቼ? አብሬህ አልነበርኩም እንዴ?»

«ነዳጅ ማደያው ጋ። ስንሄድም ስንመለስም።»

ራግንሂልድ ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ወሰደባት። «አንተ! የቀረፋ ዳቦ ግዢ እያልክ ወደ ሱቁ የምትልከኝ ለዚህ ነው?»

«ዳቦውንም እወደው ነበር።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ! እኔ ለሰው ሁሉ ወንድሜ ጠንቋይ ነው ስል!»

«ጠንቋይስ ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «በምርመራ ቀን እንደምትደነዝዝ አውቅ ነበር» አለች ዝግ ብላ።

«ማን?»

«መኪናዋ። እግሬ ሥር ትደነዝዝብኛለች። እኔ ስለፈራሁ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ።»

ሲክስተን ደህናውን እጁን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። «ጆሮ ያለኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። ሞተሩን አስነሳች። ሲክስተን ከመፍቻ ሳጥኑ አጭር የጎማ ቱቦ እንድታወጣ፣ አንዱን ጫፍ ከካርቡራተሩ አፍ አጠገብ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ እንድታደርግ ነገራት። «የሚስበውን አየር ስሚው። ከዚያ ወደ ሌላው ሂጂ። ሁለቱ አንድ ዓይነት እስኪያፏጩ ድረስ እንዳትተያቸው።» እሷ ዳዶውን ትነካለች፣ ታዳምጣለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «ትንሽ ጨምሪ... በቃ... አሁን ቀኙን» ይላል። መጨረሻ ላይ እሷው እንድትጨርሰው ተወላት።

ነርሷ ማይከን መስኮት ከፍታ ጮኸች፦ «ሲክስተን! ምሳው ቤንዚን ቤንዚን ሊለን ነው!»

«ጨው ጨምሩበት!» አላት።

በሳምንቱ ራግንሂልድ ብቻዋን ተመልሳ ሄደች። ኧስተን ቱቦውን ከተተ፣ ጠበቀ፣ ወረቀቱን አወጣ። «አልፋለች።»

«ታውቅ ነበር አይደል?» አለችው።

«ዳዶው ላይ ሁልጊዜ አዲስ የመፍቻ ጭረት ነበር። ስትወጡ ደግሞ ማደያው ጋ ኮፈን ሲከፈት ከዚህ መስኮት ይታያል። አንቺም ያለሽበት መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ማሽኑ አልፋለች ካለ ምን እላለሁ?» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ደግሞ ቅዳሜ ማታ የዚያችን መኪና ድምፅ ስሰማ መስኮት እከፍት የነበርኩ ሰው ነኝ። ወጣትነቴን ወድቀሃል ልለው አልፈለግሁም።»

ከዚያ ወንድሟን ከእንክብካቤ ቤቱ ልትወስድ ሄደች። ማይከን ደግፋ መኪናዋ ውስጥ አስገባችው። ማደያው ጋ ሲደርሱ ሲክስተን እንደ ልማዱ «ቁሚ» አላት። ቆመች፤ መፍቻውን ይዛ ወረደች፤ ኮፈኑን ከፈተች።

«ልመልሰው?»

ዞር ብላ አየችው። በመስኮቱ ዘንበል ብሎ ሞተሩን ያዳምጣል።

«ቆይ» አለ። «እንዲህ ሆና ከማደያው እስከ ምርመራው በቀር ሰምቻት አላውቅም። ተያት፤ እስኪ እንሂድ።»

በሐይቁ ዳር መንገድ ነዱ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ሰነፈች፤ ከኋላ ግን የሚተኩስ የለም። ራግንሂልድ የመኪናዋን መስኮት ስትዘጋ የወንድሟን ትንፋሽ ሰማች። እዚህች መኪና ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት የተግባቡት በእጅ ምልክት ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ሲክስተን። «ያኔ ስቶክሆልም የሆቴል ሥራ አግኝተሽ ሳትሄጂ የቀረሽው በእኔ ምክንያት ነው?»

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ያኔም እዚሁ መንገድ ላይ ጠይቄሽ ነበር። አዎ ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ነው የኖርኩት።»

ራግንሂልድ ፍጥነቷን ቀነሰች። «አልሰማሁህም እኮ። ፍጥነት ጨምሪ ያልከኝ መስሎኝ ነው።»

«ጨምረሽ ነበር» አለ። «በጣም ነው የጨመርሽው።»

«የቀረሁት ወድጄ ነው፣ ሲክስተን። የሆቴሉ ሰውዬ በደብዳቤው ላይ ስሜን እንኳን በትክክል አልጻፈም።»

ሲክስተን ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየችም፤ አልጠየቀችውምም። የጭፈራ አዳራሹ ጋ ደርሰው መኪናዋ ውስጥ ተቀመጡ። በሮቹ በሳንቃ ተመትተዋል፤ ደረጃው ላይ ሣር በቅሏል። ማን ከማን ጋር ይጨፍር እንደነበር፣ የትኛው ጎረምሳ ሐይቅ ውስጥ እንደወደቀ እያነሱ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወሩ።

በጋውን ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ይዛው ወጣች። ነሐሴ ላይ ራግንሂልድ ለማንም ሳትናገር ዳዶውን ጥቂት ፈታችው፤ ምርመራውን የሚያልፍ፣ እግሯም የሚወደው ልክ እስኪሆን ድረስ። ልኩን ያገኘችው በራሷ ጆሮ ነው። ሐሙስ ስትመጣ ሲክስተን አዲሱን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ፣ ግቢው በር ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠብቃት ነበር።

«ማን ነው ያስተካከላት?»

«እኔ።»

«ሞተሩን አታጥፊው» አላት፣ በደህናው እጁ ወንበሩን ወደ መኪናዋ እየገፋ።