በክንድ ወይስ በሆድ

ዶኛ ኤርሲራ ባሏ ከሞተ ወዲህ በቺሊ ከትልቁ የቺሎኤ ደሴት ማዶ ባለችው ትንሽ ደሴታችን ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ የዓሣ መረብ ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። አንድ ክረምት ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ቀጥሎ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ካስትሮ ከተማ ያሉት ሐኪም፣ ዶክተር ሪኬልሜ፣ "የሰውነትዎ መከላከያ ጠላት መስሎት የገዛ ነርቭዎን እያጠቃ ነው" አሏት።

ከዚያ በኋላ በየወሩ በጀልባ ወደ ካስትሮ ሐኪም ቤት ትሻገርና፣ ከለጋሾች ደም የተጣራው መድኃኒት በክንዷ ሲንጠባጠብላት ትውላለች። ያው በሽታ የያዘው ጡረተኛው አናጺ ዶን ባልዶሜሮ ሁልጊዜ አጠገቧ ነው።

"ይሄ የድንች ቂጣሽ ድንጋይ ነው እኮ!" ይላታል እያኘከ።

"ታዲያ ማን ብላ አለህ?"

"የሐኪም ቤቱን ሾርባ ፈርቼ ነዋ!"

ቤቷ ስትመለስ ግን የሚጠብቃት ሰው የለም። ሬዲዮ ትከፍታለች፤ የሚወራውን አትሰማም፣ ድምፁ ብቻ ይበቃታል።

አንድ ቀን ዶክተሯ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገሯት። "ቤትዎ ሆነው፣ በየሳምንቱ፣ በትንሽ ፓምፕ ከሆድዎ ቆዳ ሥር መውሰድ ይችላሉ። መርፌውን እርስዎ ነዎት የሚሰኩት፤ ነርሷ ታለማምድዎታለች።"

"የቱ ይሻላል?"

"ለእርስዎ ሁለቱም ይሠራሉ። የሚመችዎትን ይምረጡ።"

ጀልባው ላይ ስታስብ መጣች። ባለፈው ክረምት ወደቡ ላይ ወድቃ፣ ሰው እስኪያያት ድረስ ዝናብ ሲቀጠቅጣት ቆይታ ነበር። ቤት መቅረቱ ይሻላት ነበር። ነገር ግን ማዕድ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ መርፌ ስትሰካ፣ "አመመሽ እንዴ?" የሚል ሰው ሲጠፋ ታያት።

"እንደ ድሮው በክንዴ ይሁንልኝ" አለቻቸው በቀጠሮዋ።

"መንገዱስ?"

"ለምጄዋለሁ።" ምክንያቱን ለመናገር አፍራ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ስትመጣ በዶን ባልዶሜሮ ወንበር ላይ ጆሮዋን በማዳመጫ የደፈነች ወጣት ተቀምጣለች።

"እሳቸውማ በሆድ መርጠው ቤታቸው ጀመሩ" አለቻት ነርሷ። "ከመንገድ ተገላገልኩ ብለው እንዴት ደስ እንዳላቸው! ሰላምታዎን ላድርስልዎት?"

ኤርሲራ እጅጌዋን ሰበሰበች። "አይ፣ ይቅር። ምን ብዬ?"

መድኃኒቱ ሠርቶላታል፤ ጣቶቿ ዛሬ መረብ ይጠግናሉ። አሁንም በየወሩ ትሻገራለች። ዶክተሯ ምርጫው ክፍት እንደሆነ ባስታወሷት ቁጥር፣ "ትንሽ ይቆይ" ትላቸዋለች።