ከአባባ አልጋ ሁለት እርምጃ

ቤታችንን ያደስነው ለአባባ ብለን ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ሥራው ሲያልቅ ያየ ሰው ሁሉ አባባን ለማባረር ያሠራነው ነበር የሚመስለው።

አባቴ መሪጌታ ሠረቀብርሃን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስልሳውን ዓመት ማኅሌት የቆመ ጉልበታቸው ዛሬ አልታዘዝም ብሏል። ሽንት ቤታችን ደግሞ ከግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ማለዳ ለሚያውቅ ሰው ያ ርቀት በሜትር አይለካም። ዓምና አመዳዩ አንሸራቷቸው ወደቁና ሦስት ሳምንት ተኙ። ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶኝ «ሁለተኛ ከወደቁ ዳሌያቸው አይተርፍም» አለኝ። ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ ብርዱ ሳይገባ ከአልጋቸው አጠገብ አንድ መጸዳጃ ቤት መሥራት።

ቀላል ነገር ለእኛ ቤተሰብ አይስማማንም። ታናሽ ወንድሜ ዘሥላሴ ከአዲስ አበባ ገንዘብ ላከ፤ ከገንዘቡ ጋር ሐሳብም ላከ፤ ሐሳቡ ከገንዘቡ ይበዛ ነበር። በቴሌግራም በቀን አርባ ፎቶ ይደርሰኛል። አንዱ ውሃው ከኮርኒስ እንደ ዝናብ የሚወርድ ሻወር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውሃ ለሚመጣበት ሰፈር። ሌላው ሰው ተጋድሞ የሚታጠብበት ነጭ ገንዳ ነው፤ በእኛ አገር ሰው ተጋድሞ የሚታጠበው አንዴ ብቻ መሆኑን ወንድሜ ረስቶታል።

አንድ ቀን ደውሎ «እትዬ፣ መጸዳጃ ቤቱ ከተሠራማ ኪችኑም አብሮ ይሠራ። ግንበኛው እንደሆነ አንዴ መግባቱ አይቀር» አለኝ።

አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለ። ሃያ ዓመት ጭስ በሞላው ማድ ቤት ዓይኔን ሳሽ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ አባባ ጉልበት ማውራት ትተን ስለ ካቢኔት ቀለም ማውራት ጀመርን። ግራጫ ወይስ ክሬም በሚለው ብቻ አንድ ሳምንት ተከራከርን። ለግድግዳው የወይን ዘለላና ሮማን የተሳለበት ሴራሚክ መረጥኩ። ጎመን እንኳ በብርድ በሚቃጠልበት ከተማ ወይን መምረጤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

አባባ በዚህ ጊዜ አልነበሩም። ከመስቀል በኋላ ታናሽ እህታቸውን ሊጠይቁ አንኮበር ወርደው ነበር። «ሲመለሱ ድንገት እናስደስታቸው» ተባባልን። ሰውን ሳይጠይቁ ማስደሰት በእኛ ቤት የቆየ ልማድ ነው።

ግንበኛው ይሁኔ ሜትሩን ይዞ መጣ። ቦታውን አሳየሁት፦ ኪችኑ በምዕራብ በኩል ከሳሎኑ ተያይዞ፣ እንግዳ እንዲያየው፤ መጸዳጃ ቤቱ በምሥራቅ በኩል፣ ከአባባ መኝታ ቤት ግድግዳ ጀርባ፣ በሩ ወደ ክፍላቸው የሚከፈት። ከአልጋቸው ሁለት እርምጃ ነው። ለካሁት።

ይሁኔ ሜትሩን ሳይዘረጋ ቆመ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ምሥራቅ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ፀሐይ ሲወጣ አይቻለሁ።»

«መሪጌታ የሚጸልዩት ወደዚህ ዞረው አይደለም?»

«ፍሳሹ የሚወርደውም ወደዚሁ ነው። ይልቅ ጉድጓዱን አስቆፍር» አልኩት።

የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ለጸሎት ወደ ምሥራቅ መዞርን የተማርኩት በወጉ መራመድ ሳልችል ነው። በዚያን ቀን ግን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ካቢኔት ብቻ ነበር። ይሁኔም ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ የሚከፈለው ለመገንባት ነው።

አባባ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተመለሱ። ዘሥላሴም ፎቶ ለማንሳት መጣ። እጃቸውን ይዘን ክፍላቸው አስገባናቸውና አዲሱን በር ከፈትን። ነጩ መቀመጫ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ከበሩ አጠገብ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ሥዕለ አድኅኗቸውን አዲስ ፍሬም አስገብቼ መልሼ ሰቅያለሁ። አባባ ሥዕሉን አዩ፤ መቀመጫውን አዩ፤ እንደገና ሥዕሉን አዩ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፤ ደክማችኋል» አሉ። ዘሥላሴ ፎቶውን አንስቶ በዚያው ቀን ለዓለም ሕዝብ ለጥፎ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከቤት ስወጣ ግቢው በአመዳይ ነጭ ሆኗል። በነጩ ላይ የአባባ ዱካና የመቋሚያቸው ቀዳዳ ይታያል። አንደኛው መስመር ወደ አሮጌው ሽንት ቤት ይሄዳል፤ ይህስ እሺ፣ አልለመዱት ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው መስመር ግን ቤቱን ዞሮ ወደ አጥሩ ይሄዳል። ተከትዬው ሄድኩ። አባባ ከአዲሱ መጸዳጃ ቤት አልፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው በብርድ ቆመዋል፤ የጸሎት መጽሐፋቸው በእጃቸው ላይ ተዘርግቷል። ድሮ ቢያንስ የሚጸልዩት ቤት ውስጥ ነበር። ለአባቴ ሙቀት ብዬ ያን ሁሉ ሲሚንቶ አፍስሼ ደጅ አወጣኋቸው።

«አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አልኩ እየጮህኩ።

ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብበው መጽሐፉን ዘጉ። ከዚያ «ቤቱማ ያምራል፣ ሥርጉትዬ። ግን ፊት ለፊቴ ያለውን እያወቅሁ የእግዚአብሔርን ስም እንዴት ልጥራ?» አሉ። «ክፍል እንኳ ብቀይር ያው ነው። በቤቱ ውስጥ የትም ቆሜ ወደ ምሥራቅ ብዞር ያ መቀመጫ አለ።» ከዚያ ሳል ያዛቸው፤ አጥሩን ይዘው ረጅም ጊዜ ሳሉ።

ለዘሥላሴ ደወልኩ። «መጋረጃ ይደረግበት» አለ። ቀጥሎ «እግዚአብሔር እኮ በሁሉም ቦታ አለ» አለ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሠርግ ሲጠራ ብቻ የሆነ ሰው። በመጨረሻም «ወደ ምዕራብ ዞረው ቢጸልዩስ?» ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁበት።

በእሱ ላይ መቆጣት ቀላል ነበር። ግን ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ይሁኔ ሲጠይቀኝ ስለ ፍሳሽ የመለስኩለትም እኔ ነኝ። አፈርኩ። ይህችን እንኳ በቀልድ ላልፋት አልችልም።

በማግስቱ ይሁኔን አስጠራሁት። ሳቁን ለመዋጥ መሞከሩን አመሰግንለታለሁ።

«የቱን ነው የማፈርሰው?»

«ሁለቱንም። መጸዳጃ ቤቱ ወደ ኪችኑ ይግባ።»

«ኪችኑስ?»

«ኪችን የለም።»

ግራጫዎቹን ካቢኔቶች ከፍቶ ዘጋቸው፤ የግራናይቱን ጠረጴዛ በመዳፉ ዳሰሰው። «ሴራሚኩ ሲነቀል ይሰባበራል። ግራናይቱም ለሁለት ይከፈላል» አለ።

«እንዳሉ ተዋቸው።»

ቱቦው ቤቱን ዞሮ ወደ አሮጌው ሽንት ቤት ጉድጓድ እንዲወርድ ግቢው እንደገና ተቆፈረ። በምሥራቅ የነበረው ክፍል መቀመጫው ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ጸበል ተረጨና የጤፍ ጆንያ ማስቀመጫ ሆነ። ካቢኔቶቹ በልክ የተሠሩ ስለሆኑ ሌላ ቦታ አልገባ አሉ፤ ዛሬ በረንዳ ላይ ናቸው፣ በታችኛው መሳቢያ ዶሮ ታቅፋበታለች። ቀለሙ ተስማምቷታል።

አዲሱ መጸዳጃ ቤት ከአባባ አልጋ ሁለት እርምጃ አይደለም፤ በሳሎን በኩል ዐሥራ ሰባት ነው፤ ግን ሁሉም ከጣራ በታች ነው። እንግዳ እንዲያየው የተመኘሁት ክፍልም ከሳሎኑ ጋር እንደተያያዘ ቀርቷል፤ ማንም የሚመጣ ሰው ሳያየው አያልፍም። በደብረ ብርሃን ከተማ ሦስት ግድግዳው ወይን ያፈራ፣ የግራናይት ጠረጴዛ ያለው ሌላ መጸዳጃ ቤት ካለ አሳዩኝ።

አባባ መጀመሪያ የገቡበት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ቆዩ። የጠረጴዛው ጠርዝ በእጃቸው ሲመታ ሰማሁ፤ ይዘውት ነው የተነሡት። ያን ድንጋይ ስመርጥ ሽንኩርት ልከትፍበት ነበር።

ሲወጡ «እንዴት ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ወይኑ ደርሷል፣ ሮማኑ ትንሽ ይቀረዋል» አሉና ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ቆም ብለው «ማድ ቤትሽስ ልጄ?» አሉ።

«አሮጌው አለ አይደል?» አልኳቸው።

በማግስቱ ማለዳ ቁርስ ልሠራ ወጣሁ። ከክፍላቸው የጸሎታቸው ድምፅ ይሰማል፤ ሳል የለበትም። ግቢው ከዳር እስከ ዳር በአመዳይ ነጭ ነበር። ከማድ ቤቱ በር ላይ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ዞሬ አየሁት። በነጩ ላይ የነበረው አንድ ዱካ ብቻ ነው፤ የእኔ።