የማትጠብቅ ኳስ

የተሸነፈ ሰው ምን እንደሚል የሆስፒታሉ ስልከኛ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የሰፈራቸው መታጠፊያ ላይ ሳንቲም እየዋጡ የሚያጫውቱ ማሽኖች የተደረደሩበት አንድ ቤት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እጇን ይዞ ያስገባትና ከኋላው ያቆማታል። ዓይኗ ከተወለደች ጀምሮ አያይም፤ ስለዚህ ሁሉንም የምትከታተለው በጆሮዋ ነበር። ተኩሱም፣ የሞተሩ ጩኸትም ደስ ይላታል፤ ከሁሉ የምትወደው ግን አንዱ ልጅ ሲሸነፍ የሚመጣውን ነው። ልጁ መጀመሪያ ጭጭ ይላል። ቀጥሎ ማሽኑን በእርግጫ ያቀምሰዋል። ከዚያ "ይሄ ማሽን ተበላሽቷል" ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

በእሷ ተሸንፎ ማሽን የረገጠ ሰው ግን ኖሮ አያውቅም። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ወንድሟ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባና ሳንባው እንደታመመ ሽማግሌ ያስላል። እናታቸው ከጓዳ ሆና "አንተ፣ እህትህን እንዳታደክማት" ስትለው ደግሞ ሳሉ ይብስበታል። ሄዳ ትይዘዋለች፤ ቤቱ ሁሉ ያጨበጭባል። ጭብጨባውን ትጠላው ነበር፤ ግን ማን ጠይቋት።

ያ ወንድሟ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶም ማሙሽ ነው የሚባለው። የሰው ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ይውልና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት ይመጣል። አብረው አንድ ጌም ይሠራሉ፤ ሥዕል የሚባል ነገር የሌለው፣ በጆሮ ብቻ የሚጫወቱት ጌም። ኳስ በሄድፎኑ ውስጥ ከግራ ወይም ከቀኝ እየተንከባለለች ትመጣለች፤ ልክ መሐል ስትደርስ ቁልፉን መጫን ነው፤ በሰዓቱ ለተጫነ ነጥብ ይቆጠርለታል። ከቀደሙም ከዘገዩም ሳህን ይሰበራል። ሦስት ሳህን ከተሰበረ ጨዋታው አለቀ።

ድምፅ መራጯ እሷ ናት። ማሙሽ ኳሷን መጀመሪያ በፉጨት ሠርቷት ነበር። "ፉጨት ከየት እንደመጣ አይለይም፤ ሻካራ ነገር አምጣልኝ" አለችው። የድስት ክዳን ሲሚንቶው ላይ እያንከባለሉ ሲቀዱ ዋሉ፤ የታችኛው ፎቅ ሰው በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን እስኪደበድብ ድረስ። ለሳህኑ ድምፅ ደግሞ እውነተኛ ሳህን ሰበሩ። ሳህኑ የማሙሽ ሚስት ንብረት ነው፤ እስከ ዛሬ ስትፈልገው አለች።

ጌሙ ሲከፈት ማን እንደሚጫወት ይጠይቃል። አንድን ሲጫኑ "እታለም" ይላል፤ ሁለትን ሲጫኑ "ማሙሽ"። እታለም እሷ ናት፤ ታላቅ እህቱን እንዲያ ነው የሚጠራት። ታዲያ ጌሙ መሠራት ከጀመረ ወዲህ እታለም አንድም ቀን ተሸንፋ አታውቅም። ሁለት ሳህን ይሰበርባትና ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጀግና ትሆናለች። ማንም ሳያስልላት ያሸነፈችው በዕድሜዋ ይሄን ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ሥራ ቦታ ወሬዋ ሁሉ እሱ የሆነው። ሐኪም ደውሎ መስመር ሲጠይቃት እንኳ ነጥቧን ሳትነግረው አታገናኘውም።

አንድ ቅዳሜ ማሙሽ ዳቦ ሊገዛ እንደወረደ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ያሳጠረችላትን ቀሚስ ይዛ መጣች።

"ያን ሻምፒዮን ነኝ የምትይበትን ነገር እስቲ ላዳምጠው" አለቻት።

ስልከኛዋ ይሄን እየጠበቀች አልነበር? ሁለተኛውን ሄድፎን ሰጠቻት። በችኮላ ግን ሁለትን ተጫነች። ጌሙ "ማሙሽ" አለ። ስም ምን ያደርጋል ብላ ቀጠለች። ኳሷ መጣች፤ ሳህን ተሰበረ። እንደገና መጣች፤ ተሰበረ። ሦስተኛዋማ እንደተወረወረ ድንጋይ ነበር ያለፈችው።

"ጨዋታው ዕቃ መስበር ነው እንዴ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጎረቤቷን ከሸኘች በኋላ ብቻዋን ተቀመጠችና አንድን ተጫነች። ሁለት ሳህን ሆን ብላ አሰበረች። ሦስተኛዋ ኳስ መጥታ መሐል ደረሰች። ስልከኛዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ኳሷ እዚያው መሐል ላይ እየተሽከረከረች ቆመች፤ ደጅ ላይ ቆሞ "ግቡ" እስኪሉት እንደሚጠብቅ እንግዳ። እሷ ቀሚሷን አስተካከለች፣ አፍንጫዋን አከከች፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። ጌሙ አጨበጨበላት። ያ የልጅነቷ ጭብጨባ ነበር። ሄድፎኑን አወለቀች።

ማሙሽ ዳቦውን ይዞ ገባ።

"ማሙሽ።"

"አቤት፣ እታለም።"

"አሁንም ታስላለህ?"

"ኧረ ጉንፋን የለብኝም።"

"ቁም ሣጥን ውስጥ ስለምታስለው ነው ያልኩህ።"

የዳቦው ወረቀት መንኮሻኮሹን አቆመ። ማሙሽ፣ "ሁለት ከሳትሽ ብቻ ነው እኮ የምትጠብቅሽ" አለ። "ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።"

"ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያናድደውም እሱ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳይቀር ሻምፒዮን እያለ ነው በር የሚከፍትልኝ። አጥፋው።"

"አሁን?"

"አሁን። አጠገብህ ቆሜ።"

"ትሸነፊያለሽ እኮ።"

"ልሸነፋ። ለእኔ ብርቄ ነው።"

አጠፋው። ስሞቹንም ሰረዛቸው፤ ኳሷ ለሁሉም አንድ ሆነች። እናም እታለም ተሸነፈች፤ ያውም በየሳምንቱ። መጀመሪያ ቀን አኩርፋ ሻይ ሳታፈላለት ቀረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሄድፎኑ የግራ ጆሮ ድምፁ ይደክማል አለች። ለወጠላትና እንደገና ተሸነፈች፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ገመዱንም አማች። ደግሞ ጌሙ የምር ጉድለት ነበረበት፤ ኳሷ ስትፈጥን መሐል መድረሷ አይሰማም። ትጠብቃት በነበረ ጊዜ ይሄን ማን ያውቃል? መሐል ላይ ክዳኑ አንዴ ኳ እንዲል አደረጉ፤ ለሁለቱም እኩል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ራቷን በልታ ትለማመዳለች። መሸነፉ ያናድዳታል፤ ግን እንዲህ ደስ ብሏት ተናዳ አታውቅም።

ደግሞ ቅዳሜ ሆነ። ሁለት ኪቦርድ፣ ሁለት ሄድፎን፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ያዳምጣል። መጀመሪያ እሷ ተጫውታ ጥሩ ነጥብ አስቆጠረች። የእሱ ተራ ሲሆን ቀስ እያለ ተጠጋት። አንድ ነጥብ ሲቀረው ክዳኑ ከቀኝ መጣ፣ ኳ አለ፣ ሳህን ተሰበረ። ሦስተኛው ነበር።

ስልከኛዋ ወንድሟን ለማዳመጥ ሄድፎኗን አወለቀች።

ማሙሽ ጭጭ አለ። ቀጥሎ የጠረጴዛው እግር በእርግጫ ተመታ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

"ይሄ ቁልፍ ይይዛል" አለ።

"እንዴት ሆኖ?"

"ይይዛል አልኩሽ! በሰዓቱ ነው የተጫንኩት።"

ድምፁ ውስጥ አንድ ጠብታ ርኅራኄ አልነበረም። የአንገቱ ደም ስር ተገትሮ እንደሚሆን ሳታይ አወቀችው። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

"እሺ፣ ኪቦርድ እንቀያየር" አለችው።

"እንቀያየር። አሁን አታመልጪኝም።"

ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋላት። ወንበሩን እያንቋቋ ሲጠጋ፣ እሷ ቁልፉን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው። ምንም አይይዝም።