የኮርቻው ቀይ ምልክት

ልጆቹ «ጋሽ አስራ ሦስት» ይሉታል። አስራ ሦስት ልጅ ስላለው አይደለም፤ እሱስ አንድም አልወለደ። ስሙን ያወጣችለት ከኋላ ኪሱ የማትለየው አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ናት። የኮርቻ ብሎን የምትፈታውም የምታጠብቀውም እሷ ናት። ሲናደድ ደግሞ በርሜል ይደበድብባታል፤ ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ጸጥ ይላል።

ግቢው ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። ባለቤቶቹ ጥለውት ሲሄዱ የሰፈሩ ሰዎች ጠረጉት፣ መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም መንገድና መታጠፊያ ሣሉበት፣ ከዚህም ከዚያም ለምነው አስራ አምስት ብስክሌት አስገቡበት። ጋሽ አስራ ሦስት ከሰኞ እስከ ዓርብ በጥገና ቤቱ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት ያስተምራል። በነፃ ነው። ጭቅጭቁም በነፃ ነው።

እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ማደጉ የሚታወቀው በኮርቻው ነው። ለጀማሪ ልጅ ሁለቱም እግሮቹ መሬት እንዲረግጡ ኮርቻው ዝቅ ይደረግለታል። ፍርሃቱ ሲለቀው፣ እግሩም ሲጠነክር፣ አንድ ጣት ከፍ ይልለታል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የጥፍር ቀለም አለው፤ ኮርቻውን የተሸከመው ዘንግ ቧንቧው ውስጥ ከሚገባበት ጫፍ ላይ በዚያ ቀለም መስመር ይሰመርለታል። የአንዱ ኮርቻ ከፍ ባለ ቁጥር ልጆቹ በሙሉ ደወላቸውን ያንጫርሩታል፤ ጎረቤት ጆሮውን ይይዛል። ሦስት ጊዜ ከፍ ያለለት ልጅ በዓመቱ መጨረሻ «ከበር ይወጣል»። ይኸውም ጋሽ አስራ ሦስትን ተከትሎ፣ በሰልፍ፣ እውነተኛ መኪና በሚሄድበት እውነተኛ መንገድ እስከ ድልድዩ ደርሶ መመለስ ነው። ለእነዚያ ልጆች ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም።

ቀዩ ቀለም የፌንጣ ነው። ፌንጣ የጋሽ አስራ ሦስት ታናሽ እህት ልጅ ናት፤ አስራ ሁለት ዓመቷ። ብስክሌት ላይ ዘላ የምትወጣው እሷ ብቻ ስለነበረች ነው ፌንጣ የተባለችው። ባለፈው ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ከፍ አለላት፤ እንዲህ ያለ በግቢው ታይቶ አይታወቅም። አጎቷ በልቡ ጮቤ ሲረግጥ አፉ ግን ይቆጣት ነበር። ለእህቱ ልጅ አደላ እንዳይባል ከሁሉም በላይ የሚጮኸው በእሷ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ አጎቴ ማለት እንኳን ከልክሏታል።

«እዚህ አጎት የለም» ብሏታል ገና በመጀመሪያው ቀን። «እንደ ሰው ጋሼ በይኝ።»

ዘንድሮ ታዲያ፣ ሦስተኛው መስመር ብቻ ሲቀራት፣ አንድ ቅዳሜ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች።

«ጋሼ፣ ኮርቻዬን ዝቅ አድርግልኝ።»

ጆሮውን አላመነም። ከፍ አድርግልኝ ብሎ የሚያለቅስ እንጂ ዝቅ አድርግልኝ የሚል ልጅ ገጥሞት አያውቅም። ስቆ ሸኛት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጠየቀች፤ በሦስተኛው ግን ትዕግስቱ አለቀና ቁልፏን አውጥቶ በርሜሉን ደበደበ።

«ስሙኝማ! ዕድሜዬን ሙሉ ኮርቻ ዝቅ ይበልልኝ ያለኝ ሰው የለም። የመጀመሪያዋ የራሴ እህት ልጅ ሆነች! ጉድ እኮ ነው!»

ልጆቹ ሳቁ። ፌንጣም አብራ ለመሳቅ ሞከረች።

ፍርሃት ነው ብሎ ደምድሟል። ፍርሃት ደግሞ የሚለቀው ሲደፍሩት ነው ባይ ነው። ስለዚህ በሳምንቱ ልጆቹ ሳይመጡ ቀደም ብሎ ገባና ኮርቻዋን ጭራሽ ግማሽ ጣት ከፍ አደረገው። ለማንም አልተናገረም። ፌንጣ መጣች፣ ወጣች፣ ሦስት ሜትር እንኳ ሳትሄድ በጎኗ ወደቀች። ያልተለመደው መውደቋ አልነበረም፤ አነሳሷ ነው። መጀመሪያ በእጆቿ መሬቱን ተደገፈች፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን ያዘች፤ ከዚያ ጉልበቷን፤ ከዚያ ጭኗን። መሰላል እንደሚወጣ ሰው በገዛ አካሏ ላይ እየተንጠላጠለች ነበር ቀና ያለችው።

«ድራማውን ተይውና ተነሺ!» አላት።

ይህችን ቃል ዛሬም ድረስ አልረሳትም። ሱቁ ውስጥ ጎማ እየለጠፈ ብቻውን «ድራማውን ተይው» ይላል፤ ደንበኛ ሲሰማው ግራ ይጋባል።

ከወር በኋላ እህቱ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ፈቃድ ወስዳ ልጇን ሐኪም ዘንድ ስትወስድ አብሯት ሄደ። ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደገፋለች፣ ቦርሳዋ ከብዷታል እያለች እናቷ ስታማርር ነበር የከረመችው። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፣ ድምጿ ለስላሳ።

«እስቲ መሬት ላይ ቁጭ በይና ተነሺልኝ» አለቻት ፌንጣን።

መሬት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ጭን። የሐኪሟ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

ከብዙ ምርመራ በኋላ ሐኪሟ ለሁለቱ ብቻ ነገረቻቸው። ጡንቻዋ እየሟሸሸ ነው። መጀመሪያ እግሯ፣ ቀስ እያለ እጇም። የሚያቆመው መድኃኒት የለም።

«ቀደም ብለን ብናመጣትስ ኖሮ?» አለ ጋሽ አስራ ሦስት።

«ምንም አይለወጥም ነበር፤ ራስዎን አይውቀሱ።»

ለአፍታ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት መሰለው። ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ። የእህቱ ልጅ አትድንም ሲባል እፎይ የሚል አጎት! እህቱ የልጇን ሹራብ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንዱን ቁልፍ ትቆልፍና ትፈታ ነበር።

ፌንጣ ሰው ያልነገራትን ከፊታቸው አንብባዋለች። ወደ ቤት ሲመለሱ የጠየቀችው ስለ በሽታው አልነበረም።

«ከበር እወጣለሁ አይደል? አንድ መስመር ብቻ እኮ ነው የቀረኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው የማትወጪው?» አላት። «እኔ አለሁ አይደል!»

ወሬ ነው። እሱ መኖሩ ምን ይፈይዳል? ቢሆንም የአፉን ለመሙላት የማያደርገው አልነበረም። ዘንድሮ ሁለት መስመርም ያስወጣል ብሎ ደንቡን ለወጠው፤ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ እንጂ አንዱም አላጉረመረመም። በየቅዳሜው ኮርቻዋን ዝቅ ያደርግላት ጀመር። መጀመሪያ ሁለተኛው ቀይ መስመር ቧንቧው ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ገና ሁለተኛ ሳምንቱ የሆነ ትንሽ ልጅ፣ ቁልፏ ብሎኑ ላይ ስትሽከረከር አይቶ፣ እንደ ወጉ ደወሉን አንጫረረው። ትልልቆቹ አፈጠጡበት፤ እጁን ከጀርባው ደበቀ።

«ተዉት፣ ይደውል» አለች ፌንጣ።

ከዚያ ማንም አልደወለም። የመጀመሪያው መስመርም ገባ።

ከበር የሚወጣበት ቅዳሜ ደረሰ። አስራ አንድ ልጆች ሄልሜታቸውን አጥብቀው በሩ ላይ ተሰለፉ። የፌንጣ እናት ልጇን አቅፋ ኮርቻው ላይ አስቀመጠቻት፤ አጎቷ ቀኝ እግሯን አንስቶ ፔዳሉ ላይ አኖረላትና ከኋላ ገፋ አደረጋት። ፔዳሉ ግማሽ ዙር ዞረ። እግሯ ሸርተት አለ። መልሶ አኖረላት፤ መልሶ ሸርተት አለ። በሦስተኛው ብስክሌቷ ዘመመችና ደግፎ አቆማት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ።»

በርከክ አለ። ኮርቻው ቧንቧው አናት ላይ ቁጭ ብሏል፤ በመሃል የጥፍር ያህል ክፍተት የለም። ያውቀዋል፤ ባለፈው ቅዳሜ እስከ መጨረሻ ያወረደው ራሱ ነው። ቢሆንም ቁልፏን ከኪሱ አወጣ። ብሎኑን ፈታ። ኮርቻውን በመዳፉ ጫን አደረገው። መልሶ አጠበቀ።

«አሁንስ?»

ፌንጣ ወደ ታች አየች። የብስክሌት ጠጋኝ እህት ልጅ ናት፤ የወረደ ኮርቻና ያልወረደ ኮርቻ ለመለየት መምህር አያሻትም። እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«አሁን ተሻለ፣ አጎቴ።»

ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋል። አላረማትም።

«ሂዱ በቃ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር» አለችው። «እኔ ከኋላ እደርስባችኋለሁ።»

ሰልፉን የሚመራ ሌላ ሰው ስለሌለ ሄደ። አስራ አንዱን ልጆች አስከትሎ በበሩ ወጣ፤ እስኪታጠፍ ድረስ ዞሮ አላየም። እስከ ድልድዩ ደርሶ መመለስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሲመለሱ ፌንጣ እዚያው በተዋት ቦታ፣ ኮርቻዋ ላይ ነበረች። እናቷ ከኋላ ደግፋታለች፤ ሁለት እግሮቿ እንደ ጀማሪ መሬት ረግጠዋል። ሄልሜቷን አላወለቀችም ነበር።