የአለቃ ታፑሶአ ጉልበት

ሃያ ስድስት ዓመት በፊዚዮቴራፒ የሰው እግር ሳጥፍና ስዘረጋ ኖሬያለሁ። ሕፃን ሲጮህብኝ፣ ሽማግሌ ሲረግመኝ ለምጄዋለሁ። እንደ አለቃ ታፑሶአ ጉልበት ግን የሚያናድድ አላየሁም። አምና በብረት ተቀይሮላቸዋል፤ ጠባዩ ግን የባለቤቱ ነው።

"በስድስት ሳምንት ውስጥ እግሬን አጣጥፌ መሬት ላይ ካልተቀመጥኩ ቦታዬን ማናሴ ይወስደዋል" አሉኝ። ማናሴ የአጎታቸው ልጅ ነው። በመንደራችን ጉባኤ አለቃ የቤቱን ምሰሶ ተደግፎ፣ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። በሰው ፊት እግር መዘርጋት ስድብ ነው፤ ወንበር ማምጣትማ አይታሰብም።

"ጉልበቱ የተቀየረ ሰው እንዲህ አይቀመጥም፣ አባባ።"

"እኔ ሰው ነኝ እንዴ? አለቃ ነኝ! ሥራሽን ሥሪ።"

ሠራሁ። "እናትሽ እንኳ እንዲህ ጨካኝ አልነበረችም!" እያሉ ሲጮሁ፣ አጠገባቸው መራመድ የምትለማመደው የአምስት ዓመቷ ሲና "አባባ፣ እኔ እንኳ አላለቀስኩም" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። በስድስተኛው ሳምንት ተቀመጡ። እኔም በየደረስኩበት ጉራዬን ነዛሁ።

የጉባኤው ቤት ግድግዳ ስለሌለው ከውጭ ሆኜ አየሁ። የጉባኤው መጠጥ አቫ ተጠጣ፣ ነገሩ ሁሉ አለቀ። ማናሴ ፈገግ ብሎ "እንግዲህ እንነሳ፤ አለቃ ይቅደሙ" አለ።

ታፑሶአ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ክው አልኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መቀመጥ ብቻ ነው ያስተማርኳቸው! በተነሱ ቁጥር ብብታቸው ሥር ገብቼ የማነሳቸው እኔ ነበርኩ። የሃያ ስድስት ዓመት ልምድ ይሄ ነው!

"ምን ያስቸኩላችኋል?" አሉ። "እስቲ የዘር ሐረጋችንን ላስታውሳችሁ።"

አለቃ እየተናገረ ማንም አይነሳም። ከቅድመ አያታቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ፤ እያንዳንዱ ያሸነፈውን ጦርነት፣ ያገባትን ሴት ሳይቀር። አንድ ሰዓት ሄደ። ማናሴ ይቁነጠነጥ ጀመር። በሁለተኛው ሰዓት ስትራፖ ያዘውና እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታፑሶአ ተዘረጋ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

"እግሩን በምንጣፍ ሸፍኑለት፣ ያሳዝናል" አሉ ታፑሶአ። "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ትንሽ ልጸልይ።"

ሰዉ ሲወጣ ሮጬ ገባሁ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ጉልበታቸው አብጧል። እንባዬ መጣ። "ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ዝም ብለሽ አንሺኝ" አሉ። "ከአራተኛው አያት በላይ ያሉትን በሙሉ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።"