ግድግዳው ይቀባ ያለው አናጢ

ተቆጣጣሪዋ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው «የሳሎኑን ግድግዳ እንቀባው» ያላት ዕለት ነው።

ሌላ ባል ይህን ቢል ሚስቱ «ምን ዓይነት ቀለም?» ትላለች፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። የእሷ ባል ግን አናጢ ነው፤ ያውም የተቀባ እንጨት ሲያይ ደሙ የሚፈላ አናጢ። ከአራት ዓመት በፊት ይህችን የግንድ ቤት ሲሠራ፣ እያንዳንዱን ግንድ በእጁ ልጦ፣ በእጁ ልጎ ሲደራርብ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆም እያለ «መቼ ልትቀባው ነው?» ይለው ነበር። መልሱ አንድ ነው። «እንጨት የሚቀባ ሰው ወይ ጉድለት ሊሸፍን ነው፣ ወይ ሊሸጥ ነው።» ጎረቤቱ ሁሉ ይህችን አባባል በቃሉ ይዟታል። ስለዚህ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ በሩ፣ የበሩ መቃን ሳይቀር እንደተፈጠረ ቀረ፤ ሳሎኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ነው።

ታዲያ አሁን ምን ተገኘ? እሷ ደግሞ ጥርጣሬዋን አንጠልጥላ የምትተኛ ሴት አይደለችም። ባሏ በሌለበት ግንዱን ሁሉ በጣቷ እያንኳኳች ዞረችው። አልነቀዘም፣ አልሻገተም፣ ውሃ አላስገባም። ጉድለት ከሌለ የቀረው ያ ሁለተኛው ነው፤ ሊሸጠው ነው።

መጠርጠር የኖረችበት ሙያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆጣጠር ቆይታ ነው ጡረታ የወጣችው፤ «ተቆጣጣሪዋ» የሚለው ቅጽል ስሟም እስከ ቤቷ ተከትሏት መጣ። ቲኬት የሌለውን ሰው ገና እግሯ ደረጃውን ሲረግጥ ትለየዋለች። ቲኬት የያዘ ሰው ኪሱን ይዳብሳል፤ ያልያዘ ሰው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ባሏ ደግሞ ካለፈው ክረምት ወዲህ ስታናግረው ፊቷን ትቶ ከትከሻዋ ባሻገር ማየት ጀምሯል።

ያ ብቻ ቢሆን ትተወው ነበር። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ «እንጨት ነጋዴው ጋ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ከተማ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ። እንጨት ነጋዴ ጋ በንጹሕ ሸሚዝ የሚሄድ አናጢ የት አገር አለ? ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ በኩል ጆሮዋን ጣል ብታደርግ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ውጪው በር እየተራመደ ይቆጥራል። «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ።» ቆመ። ተመልሶ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ቤት የሚለካው ገዢ ሲመጣ ነው አለች በሆዷ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

በቤቷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ዕድሜዋን ያገባደደችው በኪራይ ቤት ነው፤ ምስማር ለመምታት እንኳ አከራይ እያስፈቀደች። የራሷ የምትለው በር የኖራት በስተርጅና ነው። እሱን ማጣት ማለት ለእሷ እንደገና ጎንበስ ብሎ «ይፈቀድልኛል?» ማለት ነው፤ ያን ከምትል ሞቷን ትመርጣለች።

«የትኛው ቀለም?» አለችው፣ እንደ ዋዛ።

«ቡናማ። በጣም የጠቆረ ቡናማ። ግድግዳው ብቻ ነው፤ በሩና መቃኑ እንዳለ ይቅር።»

«በሩ ለምን ይቀራል?»

«እንዲያምር ነዋ።»

«አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የሚያምረው ስትል አልነበር እንዴ?»

«ሰው ሐሳቡን አይቀይርም፣ ሴትዮ?»

«ይቀይራል፤ ምክንያት ሲኖረው።»

አናጢው ከትከሻዋ ባሻገር አየና «አንቺው ሂጂና ግዢው፣ እኔ ጉልበቴን አሞኛል» አለ። ምስማሩን እንኳ ሌላ ሰው እንዲመርጥለት የማይፈቅድ ሰው!

«ልትሸጠው ነው ወይ?» ብላ ፊት ለፊት መጠየቅ ትችል ነበር። ግን አውቶቡሱ ያስተማራት ነገር ቢኖር፣ ያልከፈለን ሰው «ከፍለሃል?» ማለት ውሸት ማለማመድ መሆኑን ነው። ሰው የሚያዘው ዝም ተብሎ ነው።

የቀለም መደብሩ ሻጭ ትሑት ነበር። «ምን ልስጥዎት፣ እማማ?»

«በጣም የጠቆረ የእንጨት ቀለም አለህ፣ ልጄ? ለግንድ ግድግዳ ነው።»

«አለ። እንጨቱ ከዚህ በፊት የተቀባ ነገር አለው?»

«ምንም ነክቶት አያውቅ።»

«እንግዲያው ጥርግ አድርጎ ይጠጣዋል። ይሄኛው ብቻ አይንካው እንጂ» አለና ሌላ ቆርቆሮ ጠቆማት። «ይህ ቀለም የሌለው ዘይት ነው። አንዴ ከገባ እንጨቱን ይዘጋዋል። ከዚያ በላዩ ጥቁር ቢቀቡበት ቦታ ቦታ እየያዘ ዥጉርጉር ይሆናል። እስኪፋቅ ድረስ ሌላ ቀለም በጄ አይልም።»

«በጄ አይልም?»

«በፍጹም።»

ተቆጣጣሪዋ ሁለቱንም ገዛች።

ቤት ስትደርስ ጥቁሩን ቀለም ጓሮ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሥር ደበቀችና ዘይቱን ብቻ ይዛ ገባች። ቆርቆሮው ላይ በትልልቅ ፊደል «ቀለም የሌለው» ተብሎ ተጽፏል። ሐሳቧ ግልጽ ነው። ባሏ ጽሑፉን ያያል፣ «ይሄን መቼ አልኩሽ?» ብሎ ይቆጣል፣ እሷም «ጥቁር ካልሆነ ምን ይሆናል?» ብላ ትይዘዋለች፤ ከዚያ ነገር ነገርን እየሳበ እውነቱ ይወጣል። በእልህ እንኳ ቢቀባው ዘይቱ እንጨቱን ይዘጋዋል፤ ለገዢ የሚኳል ግድግዳ አይኖርም።

አናጢው ቆርቆሮውን ተቀብሎ አዟዟረው። አውራ ጣቱን ጽሑፉ ላይ አሳለፈው።

«ይኸው ነው። ጎበዝ» አለ።

ክው አለች። ይሄ ሰውዬ አውቆባታል፤ አውቆም እየቀለደባት ነው። እንግዲያው ማን ቀድሞ እንደሚስቅ እናያለን ብላ ወንበር ስባ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

በካቻቢቴ ክዳኑን ፈለቀቀ፣ በእንጨት አማሰለ፣ ብሩሹን ነከረ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ግንድ ጀመረ። ግራ መዳፉ ግንዱን እየዳሰሰ ይቀድማል፣ ብሩሹ ይከተላል። አንድ ግንድ፣ ሁለት ግንድ፣ ከዚያ ሙሉ ጎኑ። እንጨቱ ዘይቱን እየጠጣ ትንሽ ወዛ፤ ሌላ ለውጥ የለም። በየግንዱ መጨረሻ «አሁን ይስቃል» ትላለች፣ እሱ ግን ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ የበሩን ግድግዳ ጨርሶ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ይኸው!» አለ። «እንዴት አድርጎ ጠቆረ! አሁን በሩ ቁልጭ ብሎ አይታይም?»

ለመሳቅ አፏን ከፈተች። ሳቁ አልወጣም። የባሏ ፊት የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም፤ «አዎ በይኝ» ብሎ የሚለምን ሰው ፊት ነው። ግድግዳው ቢጫ ነው። በሩም ቢጫ ነው።

ቀስ ብላ ተነሳች።

«ቆርቆሮው ላይ ያለውን አንብብልኝ እስቲ።»

ቆርቆሮውን አንስቶ ወደ ፊቱ አስጠጋ።

«አንብብልኝ እንጂ።»

«መነጽሬን የት...»

«መነጽርህ አፍንጫህ ላይ ነው።»

አናጢው የመሣሪያ ሣጥኑን በእግሩ ፈልጎ አገኘና ተቀመጠበት። ብሩሹ ከእጁ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እሷም አላነሳችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ክረምት። የዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል፤ ዳር ዳሩ ነው የቀረኝ። ሐኪሙ ጋ ሁለቴ ሄጃለሁ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ነው ያለኝ።» ቀጥሎም «በቀጥታ ሳይሽ ፊትሽ የለም። ወደ ጎን ሳይ ነው የምትመጪው» አለ።

ተቆጣጣሪዋ አፈረች። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ ከትከሻዋ ባሻገር ሲያይ ያየው የነበረው እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ ሌባ አድርጋ መዘገበችው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች። «እኔ ለአንተ ምንህ ነኝ?»

«ትሸጪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ! የገባን ሰሞን ምን ነበር ያልሽው? ‹ከሁለት አንዳችን የታመምን ዕለት ሸጠን እህቴ ያለችበት ፎቅ እንገባለን፤ ሐኪም ቤቱ ከሥሩ ነው› አላልሽም? እዚህ ግንዱን ሁሉ በእጄ አውቀዋለሁ። እዚያ ምን አውቃለሁ? የገባሁ ዕለት ዕውር ነኝ። እዚህ ያስቸገረኝ በሩ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ጋ እየተመሳሰለ ይጠፋብኛል። እርምጃ ብቆጥርም ይሳሳትብኛል። ግድግዳው ቢጠቁር በሩ ይለይልኛል፤ አንቺም ሳታውቂ እቆያለሁ ብዬ ነው።»

ብላለች። እውነቱን ነው፤ አፏ እንዳመጣላት ብላ፣ በማግስቱ የረሳችው ነገር ነው። እሱ ግን አልረሳውም። በአንድ ጣሪያ ሥር እሷ እሱን፣ እሱ እሷን ቤት ሻጭ አድርገው ሲጠባበቁ ከርመዋል።

«አልሸጠውም» አለች። «ስሞትም አልሸጠው። እኔማ አንተ ልትሸጠው ነው ብዬ...» ከዚያ የቀረውን ሁሉ ነገረችው። ዘይቱን፣ የሻጩን ቃል፣ ሳፋው ሥር ያለውን ቀለም።

አናጢው ተነስቶ መዳፉን በግንዱ ላይ አሳለፈና ጣቱን አሸተተ።

«ዘግተሽዋል» አለ። ቁጣ አልነበረውም፤ ቢቆጣ በተሻላት። «ይፋቅ ቢባል የወራት ሥራ ነው። እኔ ደግሞ...» አልጨረሰውም።

እንዲጠቁርለት የለመነውን አንድ ግድግዳ እሷው አውቃ፣ መርጣ፣ ገዝታ ከልክላዋለች። ይቅርታ ልትለው ፈለገችና ቃሉ አነሰባት። ዓይኗን ወደ በሩ ጣለች፤ ሳይነካ ይቅር ያለው በር ዘይት ሳይደርስበት ደረቅ እንደሆነ ቆሟል።

ወደ ጓሮ ወጥታ ጥቁሩን ቀለም ይዛ ተመለሰች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ግድግዳው ካልጠቆረ በሩ ይጥቆር።»

«አንቺ ብሩሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ አለህ አይደል፣ ታሳየኛለህ።»

በደረቅ ጨርቅ ብሩሹን ጠርጎ ሰጣት። «በእንጨቱ ርዝመት ሂጂ፤ አግድም እንዳትሄጂ። ብዙ አትንከሪ፣ ይንጠባጠባል» አለና ወደ ሳሎኑ ማዶ ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ክርኗ እስኪዝል ቀባች። እጇ አልሰላም፤ እዚህ ወፍሮ እዚያ ሳስቷል። መቃኑ ላይ ስትደርስ ዞር ሳትል ጠየቀችው።

«ታየህ?»

«አዎ፣ ቁልጭ ብሎ።»

ፈጥኖ ነው ያለው፤ በጣም ፈጥኖ። ዞር ብላ አየችው።

«እውነቱን ንገረኝ።»

ፊቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በሩን ፈለገው።

«እንደ ጥላ ነው» አለ በመጨረሻ።

«እሺ» አለችና ብሩሹን መልሳ ነክራ ሁለተኛውን ዙር ከላይ ጀመረች።