ከመኪናዬ መስኮት የምሰጠው ጉርሻ

ምግብ እስከ መኪናዬ መስኮት ድረስ ተሸክሞ ላመጣልኝ ሰው ጉርሻ እሰጣለሁ። በቃ። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር መከራከር የሚያምረው ካለ ይምጣ፤ ሐኪሞቹ የቀየሩልኝ ዳሌዬን እንጂ ምላሴን አይደለም።

የወንድሜ ልጅ ዳርላ ግን መከራከር አይደክማትም ነበር። አርብ አርብ ከሥራ ስትወጣ ቤቴ ትመጣና በእኔ አሮጌ ቢዩክ መኪና አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው በርገር ቤት እንሄዳለን። እኔ እነዳለሁ፣ እሷ በስልኳ ታዛለች። ቁጥር የተጻፈበት ቦታ ላይ እናቆማለን፣ እሷ ደርሰናል ብላ ስልኳን ትነካካለች፣ ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ አንዱ ከረጢታችንን ይዞ ብቅ ይላል። ክርክሩም የሚጀመረው ያን ጊዜ ነበር።

"ኧረ አክስቴ፣ ፈጣን ምግብ ነው እኮ! ለበርገር ቤት ማን ጉርሻ ይሰጣል?"

"እኔ።"

"ቁጭ ብለሽ አልበላሽ፣ ቡና አልቀዱልሽ፣ ጠረጴዛ አልጠረጉልሽ! ከበሩ እስከዚህ ድረስ ከረጢት ማምጣት ምን ሥራ አለው?"

"ሥራ ከሌለው ውረጂና አንቺ አምጪው።"

ዝናብ እየዘነበ ስለነበር አልወረደችም።

ስልኩም ራሱ እኮ ይጠይቃል። ሥጋው ገና ምጣድ ሳይነካ "ጉርሻ መጨመር ይፈልጋሉ?" ይላል፣ ዓይን አውጣ! ዳርላ አልፈልግም የምትለዋን ትነካለች፣ እኔም ዝም እላታለሁ፤ በስልክ የተሰጠ ነገር ማን ኪስ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ? የእኔ ጉርሻ የታጠፈ ዶላር ነው። አይወረወርም፣ "እዚያ አለልህ፣ አንሣ" ተብሎ በአገጭ አይጠቆምም። ከእጄ ወደ እጁ ነው። ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ስም አነባለሁ፣ ዓይኑን አየዋለሁ፣ በስሙ ጠርቼ አመሰግነዋለሁ። ዝናብም ቢሆን በረዶም ቢሆን ከአንድ ቀን በቀር ይህንን ዘልዬ አላውቅም፤ ኩራቴ ነው።

ይህን ከየት አመጣሽው ካላችሁኝ፣ ጉልምስናዬን በሙሉ ያሳለፍኩት ከቱቦ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት በነበረው በኤልመር ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ነው። ባሌ ሁለት ልጆች ትቶልኝ ወደ ቴክሳስ ሄዶ ቀረ። የአስተናጋጅ ደመወዝ ደግሞ ለቤንዚንም አይበቃ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በጉርሻ ነው። ስለዚህ ጉርሻ እንዴት እንደሚሰጥ ከማንም አልማርም። እንዴት እንደማይሰጥም ያስተማረኝ አለ፤ ሮላንድ ስትሮድ ይባላል።

ሮላንድ የፋብሪካው የፈረቃ አለቃ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም። ሠራተኞቹን አስከትሎ ይመጣና ባንኮኒው መሀል ላይ ይቀመጣል። ስሜ ደረቴ ላይ በትልቁ ተጽፎ፣ እሱ ጣቱን ጧ ያደርግና "ሄይ፣ ቡና!" ይለኛል። እኔ "እሺ ጌታዬ" እላለሁ።

አንድ ቀን በልቶ ሲጨርስ የውሃ ብርጭቆውን አስሞላና ሳንቲሞች ጨመረበት። የምግብ ዝርዝሩን ካርድ አፉ ላይ ገጠመ፣ ገለበጠው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ካርዱን ከሥሩ ቀስ አድርጎ ሳበው። ውሃው በተደፋው ብርጭቆ ውስጥ እንደታሰረ ቀረ፣ ሳንቲሞቹም አብረው። "ጉርሻሽ ነው" አለኝ። ብርጭቆውን አነሣሁት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ውሃው ሽርጤ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ፣ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ባንኮኒው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳንቲሞቹ መሬት ላይ ተበተኑ፣ እኔም ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ ትልቁ ልጄ ጫማው ተቀዶ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልዋሻችሁም፣ አልቅሻለሁ፤ ግን ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው።

በሳምንቱ ደገመው። ያን ቀን ግን አስቤበት ነበር። ትልቅ የሾርባ ሳህን ይዤ መጣሁ፣ ከባንኮኒው ጠርዝ ሥር ደገፍ አድርጌ ያዝኩትና ብርጭቆውን ሳላነሣ ወደ ጠርዙ ቀስ አድርጌ ጎተትኩት። ውሃውም ሳንቲሙም ኮለል ብሎ ሳህኑ ውስጥ ገባ፤ አንዲት ጠብታ አልነካችኝም። ሳንቲሞቹን በፎጣ አደረቅሁና እያየኝ ኪሴ ከተትኳቸው። "ተጨማሪ ቡና ይፈልጋሉ፣ ጌታዬ?" አልኩት። ያን ቀን የሳቁት በእሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ ገልብጦ አያውቅም፤ ጉርሻም ሰጥቶኝ አያውቅም። "ሄይ፣ ቡና!" ግን አልቀረችም።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ኤልመርም ሞተ፣ ምግብ ቤቱ የጎማ መሸጫ ሆነ። የፋብሪካው ሰዎች ጡረታ ከኩባንያው ጋር አብሮ ቀለጠ። ሮላንድ ከሚስቱ ቀብር በኋላ ከቤት አይወጣም ሲባል ሰምቼ ነበር። የእጁን አገኘ አላልኩም፣ ግን አላዘንኩለትምም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። አንድ አርብ መኪናችንን አቁመን ስንጠብቅ ከበርገር ቤቱ በር አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ወጣ። ከረጢቱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ መጠጦቹን በክርኑ ደግፎ፣ ሊወድቅ ነው ሊተርፍ ነው እያልኩ አየዋለሁ። ምን ዓይነት አያያዝ ነው ይሄ፣ ማንም አላሳየውም እንዴ እያልኩ የታጠፈውን ዶላር አዘጋጀሁ። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

"ደህና ዋሉ፣ የዳርላ ትእዛዝ የእርስዎ ነው?"

ድምፁን አወቅሁት። ደረቱን አየሁ፤ "ሮላንድ" ይላል። እሱም አየኝ። ኮፍያው ሥር ፊቱ ቀላ። ከረጢቱን አቀበለኝ፣ መጠጦቹን አቀበለኝ፣ ቆመ። ዶላሩ መዳፌ ውስጥ ነበር፣ እጄ ግን አልዘረጋ አለኝ። እሱም ዞሮ ሄደ፣ እኔም መኪናውን አስነሣሁ።

"እሰይ አክስቴ! እንኳን አልሰጠሽው!" አለች ዳርላ። ታሪኩን ታውቃለች፤ ከተማው ውስጥ የማያውቀው የለም።

እኔ ግን ድንቹ አልዋጥ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ለማንም ያልጣስኩትን ደንብ ሮላንድ ስትሮድ አስጣሰኝ? ከሁሉ ሰው እሱ? በንዴት ጨስኩ። ደግሞ መልሼ ሳስበው፣ ብሰጠው ያቺ ተንበርክካ ሳንቲም የለቀመችው ቨርና፣ የዱሮዋ እኔ፣ ምን ትለኛለች? ያን ሁሉ የቻለችው ለሱ ጉርሻ እንድሰጥላት ነው? ብሰጥም ባልሰጥም በራሴ የማፍር መሰለኝ፣ ይሄ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የምሸከመው ነገር አልነበረም።

ዳርላ አፏ አያርፍም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። ሎርና ፒኬት ክንዴን ይዛ፣ "ብርጭቆውን መልሺለት! እግዜር ራሱ ነው በመስኮትሽ ያመጣልሽ" አለችኝ። እግዜርን በብርጭቆ ነገር አታግቢው አልኳት፤ ሳቄን ግን አልቻልኩትም።

በሳምንቱ አርብ ዳርላ ቤቴ የመጣችው ትሪ፣ ብርጭቆና ሳንቲም ይዛ ነው። በርገር ቤቱ ደርሰን ስንቆም ውሃውን ሞላች፣ ሳንቲሞቹን ጨመረች፣ ካርድ ገጠመችበት፣ ትሪው ላይ ደፋችውና ካርዱን ሳበች። ዩቲዩብ እያየች ተለማምዳ ነው የመጣችው፣ እናቷን! ትሪውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"አንድ ጊዜ ብቻ አክስቴ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ጽድቂ።"

አዎም አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ከጎናችን እነ ሎርና አቁመዋል፤ በርገር አምሯቸው እንዳይመስላችሁ።

ሮላንድ ወጣ። ዛሬም ከረጢቱን አጣሞ ነው የያዘው፤ ኮካው በክርኑ ሥር እየፈሰሰ ነው። መስኮቴ ጋ ደርሶ ጎንበስ አለና ብርጭቆውን አየ። ከዚያ ከረጢቱንና መጠጦቹን መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

"የሚገባኝ ነው" አለ።

የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለና እጁን በመስኮቱ ወደ ብርጭቆው ዘረጋ። ጀርባው ላይ የፋብሪካ ቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ትልቅ እጅ ነው። ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ባንኮኒ ሥር ሆኜ በራሴ እጅ ላይ አይቼዋለሁ። ዓለሙን ሁሉ ቢሰጡኝ ያንን በሌላ ሰው እጅ ላይ ቁጭ ብዬ አላይም።

"ተው!" አልኩት። "እጅህን አንሣ። ወደኋላ በል፣ ጫማህ ይረጥባል።"

ትሪውን መስኮቱ ላይ አሳረፍኩና ብርጭቆውን እንደዱሮዬ ወደ ጠርዙ ቀስ አድርጌ ጎተትኩት። እጄ አልረሳም፤ ውሃው ኮለል ብሎ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፣ ሳንቲሞቹም ቅጭል ቅጭል እያሉ ተበተኑ። ሮላንድ ሊለቅም ጎንበስ አለ።

"አንተ አትንካ!" አልኩት። "የዳርላ ናቸው። ዳርላ፣ ውረጂና ልቀሚ።"

"አክስቴ!"

"ልቀሚ አልኩሽ!"

ወረደች። ጺም ስለሌላት እንጂ በንዴት ትነጭ ነበር። እነ ሎርና እያዩዋት ተንበርክካ ለቀመች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉርሻ ተከራክራኝ አታውቅም።

እኔም የታጠፈውን ዶላር አውጥቼ እጄን ዘረጋሁ። ሮላንድ ራሱን ነቀነቀ።

"አልወስድም። ያንቺን ምጽዋት አልቀበልም።"

"ምጽዋት ማን አለህ? ከረጢት አመጣህልኝ፣ ያውም አጣመህ። ኮካውን ግማሹን አስፋልት ጠጥቶታል። ቢሆንም እግርህን አንሥተህ አመጣህልኝ፤ ይሄ የሥራህ ነው። ወይስ እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ስቀበል የኖርኩት ምጽዋት ነበር?"

ኮፍያውን በጣቶቹ ማዟዟር ጀመረ።

"ስጠይቅህ መልስልኝ። ምጽዋት ነበር?"

"አይደለም" አለ። "ሥራሽ ነበር። ደግሞ ከማንም በላይ ትሠሪ ነበር።"

ይህን ከሱ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ደንቤን አልጨረስኩም።

"እንግዲያው ያንተም አይደለም። ተቀበል።"

"ተቀብዬ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ። "እንዴት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ፣ ላሳይህ። ቀና በል። መሬት መሬት አትይ፣ የሰረቅከው ነገር የለም። ዓይኔን እያየህ ተቀበል። ሳትቆጥር ኪስህ ክተት። ከዚያ አመሰግናለሁ በልና የሰጠህን ሰው፣ ስሙን ካወቅኸው በስሙ ጥራ። የእኔን ታውቀዋለህ፤ ስንት ዓመት እዚህ ጋ ተጽፎ ፊትህ ቆሜያለሁ።" ደረቴን በጣቴ ነካሁ።

ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ቀና አለ፤ ያ ሰፊ ትከሻው አሁንም አለ። ዓይኔን አየኝ፣ ዶላሩን ከእጄ ወሰደ፣ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ።

"አመሰግናለሁ፣ ቨርና" አለ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ። በዚያ ባንኮኒ ላይ ብርጭቆውን ስጎትት ኮርቼ ነበር፤ የዛሬውን ያህል ግን አልኮራሁም።

"ምንም አይደል፣ ሮላንድ" አልኩት። "አሁን ደግሞ ከረጢቴን ከጣሪያው ላይ አውርድልኝ፣ ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው። ሶፍትም ረስተሃል።"

ከረጢቱን አቀበለኝና ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ ሶፍቱን በአንድ እጁ፣ በሌላው ጢም ብሎ የተሞላ አዲስ ኮካ ይዞ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ መስኮቴ ድረስ አመጣው።